በድምፄ ስለተጠራው ወንድሜ

ለተዋሃደው የሕዝብ ጥሪ አገልግሎት
ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለማቅረብና አንድ ሰው እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎት ሰዓት እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት ተደርድረው እንቅልፍ የማያውቁት መሣሪያዎችዎ ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጉሮሮዬን ከሚከረክረኝ ደረቅ ሳል በቀር ደህና ነኝ። ሳሉም ለመሥሪያ ቤትዎ ሥጋት እንደማይሆን አስቀድሜ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ፤ ደህናው ድምፄ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ እኔ ጋ የቀረው ቢሻክር ማንም አይጎዳም።

ክቡርነትዎ በመልክ ባያውቁኝ በጆሮ ያውቁኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ዜና ያነበብኩት ሴት ነኝ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት ትሑት መሐንዲሶች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ዐይነ ሥውራን በባቡር ጣቢያ እንዳይሳሳቱ የሚመራ ድምፅ ስለሚያስፈልገን ይተባበሩን ሲሉኝ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስፖንጅ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ «በሩ እየተዘጋ ነው»፣ «ደረጃው እዚህ ያበቃል»፣ «እባክዎ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይቁሙ» እያልኩ ስቀዳ ሰነበትኩ። በመጨረሻም አንድ ወረቀት አቀረቡልኝና ፈረምኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሕዝብ ሳነብ የኖርኩት ሴት፣ ለራሴ አንዲት ገጽ ሳላነብ መፈረሜን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ለዚህ ስሕተቴ እርስዎን አልወቅስም፤ የማመሰግንዎ ከዚያ ወዲህ ስላለው ነው፤ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ዘርዝሬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስም አጠራር። መሥሪያ ቤትዎ ዜጎችን በየስልካቸው በስማቸው እየጠራ መታወቂያችሁን አድሱ፣ ለቆጠራ ቅረቡ፣ ዛሬ በዚህ መንገድ አትለፉ ማለት ሲጀምር፣ በጠባቡ ክፍል የቀዳሁት አልበቃ ስላለው፣ በድምፄ የሚናገረው መሣሪያ የሬዲዮ ጣቢያውን የድሮ ካሴቶች በሙሉ እንዲያዳምጥ መደረጉን ሰምቻለሁ። ብልህ ሐሳብ ነበር። የዘነጋችሁት ነገር ቢኖር፣ ዜና አንባቢ የተራ ሰው ስም የምትጠራው የት እንደሆነ ብቻ ነው። ሹማምንትን በዜና ላይ እጠራ ነበር፤ የአናጢውን፣ የጡረተኛውን መምህር፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነችውን ነርስ ስም ግን የምጠራው ከቀትር በፊት በሚተላለፈው የሐዘን ማስታወቂያ ላይ ነው። ለዚያ ዝግጅት ራሴን ያስለመድኩት ወግ ነበረኝ፤ ከስሙ በፊት ትንፋሼን ሰብስቤ አንድ አፍታ ዝም እልና፣ ከዚያ ስሙን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አወጣው ነበር። ያልሰማ ዘመድ ካለ የሚይዘው ነገር እንዲፈልግ ጊዜ ልስጠው ብዬ ነው። መሣሪያዎ ታዲያ ይህን የስም አጠራር ደንብ አድርጎ ተማረው።

ስለዚህ ዛሬ በመላ አገሪቱ መታወቂያ የሚያድስ ሰው ሁሉ እንደ ሟች ይጠራል። ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር እጃቸው የሳሙና አረፋ ስለነበር ስልካቸውን ድምፁን ከፍተው አነሱት፤ ባለቤታቸው ከማድቤት ሆነው የባላቸውን ስም በእኔ ድምፅ፣ በዚያ ዝምታ ታጅቦ ሲሰሙ፣ የቀረውን ለመስማት አልቆዩም፤ ጮኹ። በጩኸቱ ሕንፃው ተነቃነቀ። ሰውየው በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ለሚመጣው ሁሉ «ኧረ አለሁ፣ ኧረ እኔ ነኝ» እያሉ ሲመልሱ ዋሉ። ያን ቀን ከልቤ ስቄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን፣ የሚጠራውን ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ በማሳወቅ ረገድ መሣሪያዎ ከመሥሪያ ቤትዎ ይልቅ ሐቀኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለዚህ ሐቀኝነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለተኛ፤ ስለ ዓለም አቀፍ ዝናዬ። በሥራ ዘመኔ ከአገር የወጣሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እርሱም ለኩላሊት ሕክምና። አሁን ግን፣ መሣሪያውን የሸጠላችሁ ድርጅት ለጎረቤት መንግሥትም ስለሸጠው፣ ድንበር ተሻጋሪ ሆኛለሁ። ባለፈው ወር ከድንበሩ ወዲህ ሆኜ መጀመሪያ የተኮሱት እነሱ ናቸው ብዬ ሳበቃ፣ በዚያው ዕለት ከድንበሩ ወዲያ ሆኜ፣ አንዲት ቃል በማላውቀው ቋንቋ፣ መጀመሪያ የተኮሱት እነዚያ ናቸው ብያለሁ። ያስተረጎምኩት እዚያ አገር ለዓመታት በነገደ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሰውየው ካዳመጠ በኋላ፣ የቋንቋ አነጋገርዎ እንከን የለውም፣ የት ተማሩት ብሎ አደነቀኝ። ታላላቆቹ መንግሥታት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ልጓም እንዲበጅላቸው ባሕር ማዶ አዳራሽ ተከራይተው ሲመክሩም፣ በተሰብሳቢው ጆሮ የትርጉሙን ቃል ያሰማሁት እኔው መሆኔ ተነግሮኛል። ስብሰባው ያለ ስምምነት መበተኑን ለዓለም ያበሠርኩትም እኔው ነኝ።

ይህን እያነበቡ ፈገግ ካሉ አልቀየምም። እኔ ግን በሁለቱም በኩል ልጆቻቸውን ወደ ድንበር የሸኙ እናቶች የሰሙት የእኔን ድምፅ መሆኑን አልረሳም። በሥራ ዘመኔ ውሸት አንብቤ አላውቅም ብዬ አልመጻደቅም፤ አንብቤያለሁ። ነገር ግን ወረቀቱን በእጄ እይዘው ነበር፣ አንዳንዴም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አለቃዬም የእጄን መንቀጥቀጥ ስለሚያይ፣ አንድ ሁለቴ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሄዷል። መሣሪያዎን እንዲህ ካለው ድካም ስላሳረፋችሁት እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ማኅበራዊ ኑሮዬ። ይህ ትንሽ ነገር ስለሆነ አላስረዝመውም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለየችኝ አብሮ አደጌ፣ ስልክ ደውዬ እንዴት አደርሽ ስላት፣ እውነት አንቺ ከሆንሽ በሠርጌ ቀን ያዋስሽኝ ጫማ ምን ዓይነት ነበር ብላ ፈተነችኝ። ረስቼዋለሁ። ዘጋችብኝ። መሣሪያዎ ቢሆን ኖሮ አስታውሶ፣ ከነተረከዙ ቁመት ይነግራት እንደነበር አልጠራጠርም። ስለዚህ አሁን ሰው ማነጋገር ሲያምረኝ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለጉልበቴም ጥሩ ነው ብለውኛል።

አራተኛ፤ ስለ ታናሽ ወንድሜ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ለመድረስ ነበር፤ እዚህ ስደርስ ደግሞ ብዕሬ ይከብደኛል።

ወንድሜ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ መሰላል ይለዋል። የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሰዎችን ወደ ላይ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ እርሱ ራሱ ከሦስተኛ ፎቅ ጥገና ክፍሉ በላይ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ይህን የሚቀልደውም ራሱ ነው። ተናካሽ፣ ተሳዳቢ፣ የእናቱን መድኃኒት ሰዓት የማያስታውስ፣ ሲጣላ ደግሞ ቀድሞ የሚታረቅ ሰው ነው። ባለፈው ወር በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህ የሚጠራን ድምፅ ሲሳሳት በማን ላይ ነው አቤት የምንለው አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ሦስት ሰው አጨበጨበ፣ ሰብሳቢው ጥያቄው ተመዝግቧል አለ፤ እውነቱን ነው፣ ተመዝግቦ ኖሯል።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤትዎ ሦስት ጊዜ ጠራው። ሦስቱንም ጊዜ፣ ለካሴት አልታዘዝም፣ ሰው ከፈለገኝ ሰው ይላክ ብሎ ዘጋው። አራተኛው ጥሪ ግን የተለየ ነበር። ያን ጊዜ የደወለችለት የመሥሪያ ቤትዎ ሴት ሳትሆን እህቱ ነበረች። በልጅነቱ የወጣለትን፣ እኔና እናታችን ብቻ የምንጠራውን የቤት ስሙን ጠራችው። ያን ስም በሬዲዮ ተናግሬው አላውቅም፣ በጠባቡ ክፍል አልቀዳሁትም፤ ከስልክ ወሬያችን በቀር ከየትም ሊገኝ አይችልም። ስለ ስልክ ወሬያችን ላሳያችሁት ትኩረት በቤተሰባችን ስም አመሰግናለሁ፤ እርስ በርሳችን እንኳ እንዲህ ተደማምጠን አናውቅም።

የሆነውን የምታውቀው እርሱ ከሚሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ወንድሜ መፍቻውን ከኋላ ኪሱ ሳያወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በፊቷ ሲሮጥ፣ ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ «እህቴ ናት፤ ድምፅዋ ደህና አይደለም፣ እዚያ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው» ብሏት ወጣ። መሣሪያዎ እንዴት ብሎ ድምፄን እንዳስጨነቀው አላውቅም፤ በሕይወቴ ለወንድሜ እንደዚያ ያለ ድምፅ አሰምቼው አላውቅምና ከየት ተማረው? ይጠግነው በነበረው ሊፍት በር ላይ «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚል ወረቀቱን ለጥፎ ነው የሄደው። ሊፍቱ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል እንደቆመ አለ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

በዚያች ሰዓት እኔ የት ነበርኩ መሰልዎት? የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ አፌ በጥጥ ተወጥሮ፣ ሐኪሙ ያመማል ወይ ሲለኝ እንኳ በቅንድቤ ነበር የምመልሰው።

አምስተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ። በበነጋታው ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። ወረፋው ረጅም ቢሆንም ወንበሮቹ ለስላሳ ናቸው፤ ደጅ ጥናቱን እንዲህ ያስተካከለ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ መዝገቡ የሚያሳየው የጠሩት እርስዎ መሆንዎን ነው» አለችኝ። እኔ አይደለሁም ስላት ማይክሮፎን አቀረበችልኝና፣ ይህንኑ እዚህ ላይ ይናገሩት አለችኝ። እኔም በሠላሳ አንድ ዓመት ሙያዬ፣ አፌን ሞልቼ፣ ወንድሜን አልጠራሁም አልኩ። መሣሪያው ሰማኝና፣ ይህ ድምፅ ወንድሙን የጠራው ድምፅ ስለመሆኑ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ተረጋግጧል ብሎ መለሰ። መካዴ ራሱ ማስረጃ ሆነብኝ።

የጥርስ ሐኪሙን ወረቀት ከነማኅተሙ ባሳያትም፣ ወረቀት ሊጭበረበር ስለሚችል ድምፅ ብቻ ነው የምንቀበለው አለችኝ። ቀጥሎ የተሰጠኝ መልስ ደግሞ በጽሑፍ ስለሆነ እነሆ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «ስለ ተጠሪው ያለበት ሁኔታ የሚቀርብ ማናቸውም ጥያቄ ለጠሪዋ ይቅረብ።» ጠሪዋ እኔ ነኝ። ወንድሜን የት አደረስሽው ብዬ ራሴን እንድጠይቅ ተፈቅዶልኛል ማለት ነው። ቅሬታ ካለዎት በዚህ ቁጥር ይደውሉ የሚል ወረቀትም ተሰጥቶኝ ነበር፤ ደወልኩ፤ አነሳሁት። እኔው ራሴ፣ በወጣትነቴ ድምፅ፣ ትዕግሥት እንዲኖረኝ በትሕትና ለመንኩኝ። ሰው ደጅ ይጠናል፤ ራሱን ደጅ ሲጠና ግን ምናልባት እኔ የመጀመሪያዋ እሆን ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሻለሁ፤ ልጅቷም አሁን አሁን ገና በሩ ላይ ስታየኝ ዐይኗን ወደ ጠረጴዛው ትሰብራለች። እርሷን እንዳትቀጧት አደራ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ዕቃ ሁሉ ማፈር የሚያውቅ እርሷ ብቻ ናት።

ስድስተኛ፤ ስለ እናቴ። እናታችን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዐይኗ ደክሟል። ልጅዋ የጠፋ ሰሞን እህል አልቀምስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ከስምንት ቀን በፊት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነበር። ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አትፈልጉኝ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ አላት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ በዚያችው ሰዓት ይደውላል። አይሳደብም፣ አይቸኩልም፣ የመድኃኒቷን ስምና ሰዓት አንድ በአንድ ያውቃል። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሰው ሆነ» እያለች ትናገራለች። ፊቷ ሞልቷል፣ መብላት ጀምራለች፤ ለዚህ ውለታችሁ ምን እንደምከፍል አላውቅም።

እርሱ አይደለም እማ ብዬ ልነግራት ሞከርኩ። በማን ድምፅ እንደተጠራ፣ እነማን እንደወሰዱት ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። እናቴ እጄን ከእጇ ላይ አንስታ፣ አንቺ ምቀኛ፣ ላንቺ ስለማይደውል ነው አለችኝ። ስልሳ ሁለት ዓመት ስኖር ከእናቴ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ልጅዋን ፍለጋ እንዳልወጣም ገዝታኛለች፤ ልጁ ራሱ አትፈልጉኝ ብሏልና።

ሌላም የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ እኔም ሳላስበው ወንበሬን ወደ ስልኩ አስጠግቼ ራሴን አገኘሁት። ሐሰት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ድምፁ የወንድሜ ነው፤ ናፍቆኝ ነበር፤ ሲዘጋው አለቀስኩ። እንግዲህ ለወደፊቱ ዓለምን የምትገዙት በዚህ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በማስፈራራት ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍራት እናውቅበት ነበር፤ የናፈቅነውን ሰው ድምፅ ስትልኩልን ግን እንዴት እምቢ እንደሚባል ማንም አላስተማረንም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አጭር ነው። ድምፄን መልሱልኝ አልልም፤ ከእንግዲህ ብትመልሱትም ማንም አያምነኝም። ወንድሜ በሕይወት ካለ በገዛ እግሩ ይውጣ። ከሌለም ቁርጤን ልወቅ፤ ይህንም በስልክ ሳይሆን፣ የራሱ እናት ያለችው፣ ፊቴን እያየ ሊነግረኝ የሚደፍር አንድ ሰው ይላክልኝ። በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሰው እንደማይጠፋ አሁንም ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በየግድግዳውም የምለጥፈው፣ ድምፄን አውጥቼ ባነበው እርስዋ አይደለችም ስለሚባል ነው፤ የእጅ ጽሑፌ መጥፎ በመሆኑ አንባቢን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የጠየቀዎትን ሁሉ በፈገግታ በማስተናገድዎ አድናቆቴ የላቀ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም፣ ስልክዎ ጮኾ የሚወዱት ሰው ድምፅ በመጣ ቁጥር ልመን ወይስ አልመን ብለው እንዳይጨነቁ ከልብ የምመኝልዎ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

በመዝገብዎ «ጠሪ፦ እህት» ተብዬ የተመዘገብኩት የቀድሞ ዜና አንባቢ

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች ስብሰባ ሰብሳቢ፣ የተመዘገበው ጥያቄ መልስ ካገኘ እንዲያሳውቁን
ለሕንፃው አስተዳደር፣ ሊፍቱን ሌላ ሰው እንዳይነካው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልነሣ ስል ምሳ ሰዓት ደረሰና ስልኩ ጮኸ። እናቴ ዛሬ ደፈር ብላ፣ ልጄ ናፍቀኸኛል፣ ቅዳሜ ለምሳ ና አለችው። እሺ እማ፣ እመጣለሁ አላት። እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቃሉ የመሥሪያ ቤትዎ ቃል ነው። እናቴ አንሶላውን አስቀይራ፣ ሸሚዞቹን አስተኩሳ፣ ካሁኑ በር በሩን ማየት ጀምራለች። ዐይኗ ቢደክምም እጇ ደህና ነው፤ ልጅዋ ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ እንዲልላት አድርጋ ፊቱን በሁለት መዳፏ ትዳብሰዋለች። ክቡር ሆይ፣ ቅዳሜ ማንን ነው የምትልኩልን?